ወገብ የሚጠበቀው በመንቀሳቀስ ነው

(በሰፈራችን እድር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂ ላይ እንዳለ የተጻፈ ሲሆን የተደጋገሙ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ተቀንሰዋል።)

የተከበሩ የእድራችን ሊቀመንበር፣ የኮሚቴ አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ስለ መዋጮና ስለ ድንኳን የምትነጋገሩበት ብዙ ጉዳይ እያለ ለጤና ሰዓት ስለሰጣችሁኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ቀኑን ሙሉ የማየው ወገቡ የተያዘበት፣ ትከሻው አልነሳ ያለው፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ያለው ሰው ነው።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ወገቡን አንድም ቀን ያላመመው ሰው እጁን ያውጣ። አያችሁ? ይኸን ሁሉ ሰው ይዘን የወጣው እጅ ጥቂት ነው። እኛ ብቻም አይደለንም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የታችኛው ወገብ ሕመም ነበረበት። በ2050 ደግሞ 843 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። ሰውን አቅም አሳጥቶ ከሥራ በማስቀረት ከሕመሞች ሁሉ አንደኛው ይኸው የወገብ ሕመም ነው።

ዛሬ ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ወገባችን ምን እንደሚፈልግ። ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ ስንጋግር፣ ስናጥብ፣ ውሃ ስንቀዳ ምን ማስተካከል እንደምንችል። ሦስተኛ፣ ስለ እግር ጉዞና ስለ መኝታ። ከዚያ ደግሞ መቼ ፈጥነን ሐኪም ቤት መሄድ እንዳለብን እናገራለሁ። እሱን ሳልናገር ከዚህ አልወርድም።

ወደ አንደኛው ልግባ።

አከርካሪያችን ላይ የሚንቀሳቀሱ 24 አጥንቶች አሉ። 7 አንገት ላይ፣ 12 ደረት ላይ፣ 5 ወገብ ላይ። በእነዚህ አጥንቶች መካከል ዲስክ የምንለው ለስላሳ ነገር አለ። ይህ ዲስክ በአዋቂ ሰው ላይ የራሱ የሆነ የደም ስር የለውም ማለት ይቻላል። ታዲያ ምግቡን ከየት ያገኛል? ልክ እንደ ስፖንጅ ነው። ስንንቀሳቀስ ይጨመቃል፣ ይለቀቃል፣ ፈሳሽ ይወጣል፣ ፈሳሽ ይገባል። ምግቡም አብሮ ይገባል። ጠዋት ከመኝታችን ስንነሳ ከማታው በአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ረዝመን የምንነሳው ለዚህ ነው። ሌሊት ተጋድመን ጫናው ሲቀልለት ፈሳሹ ተመልሶ ይሞላል።

ስለዚህ ወገብ የሚፈልገው መንቀሳቀስ ነው። ደግሜ ልበለው፣ መንቀሳቀስ ነው። መቀመጥ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። መቆምም፣ ማጎንበስም ክፉ አይደለም። ክፉው በአንዱ ላይ ሰዓታት መቆየት ነው። «ቀጥ ብለህ ተቀመጥ» ተብለን ነው ያደግነው። ግን ቀጥ ብሎ ሦስት ሰዓት የተቀመጠ ሰውም ወገቡ ይይዘዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ወደኔ መጣ። የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየው የኤም አር አይ ምስል ያለበትን ትልቅ ፖስታ በብብቱ ይዟል። ከሰላምታ በፊት «ዲስኬ ተንሸራቷል» አለኝ። ጫማውን የምታስርለት የአሥር ዓመት ልጁ ናት። ወገቡን እንደ እንቁላል ነበር የሚጠብቀው። አያጎነብስም፣ አይዞርም፣ ከመኪናው ሲወርድ እንኳ በሩን በሁለት እጁ ይዞ ነው። መርምሬ ሳየው እግሩ ላይ ድካም የለም፣ መደንዘዝ የለም፣ ሽንቱም ደህና ነው። ትልቁ ሸክሙ ፍርሃት ነበር።

እናንተም ስሙኝ። በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ ጥናት ወገባቸውን ምንም የማያማቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች ምስል ሰብስቦ አይቷል። ምንም ከማያማቸው የ50 ዓመት ሰዎች መካከል 60 በመቶው ላይ ዲስካቸው ወደ ውጭ ገፋ ብሎ ተገኝቷል። ምንም የማያማቸው ናቸው እያልኳችሁ ነው! ፀጉር እንደሚሸብት ዲስክም ከዕድሜ ጋር ይለወጣል። ምስሉ ላይ የተገኘ ነገር ሁሉ ለሕመሙ ምክንያት ነው ማለት አይደለም። ከአሥር የወገብ ታማሚ በዘጠኙ ላይ ይህ ነው ተብሎ የሚጠቆም አንድ የተበላሸ ነገር አይገኝም። ያ ሹፌር ከሰፈሩ እስከ ዋናው መንገድ በእግሩ በመሄድ ጀመረ። ቀስ በቀስ ማጎንበስ ለመደ። አሁን ጫማውን ራሱ ያስራል፣ ሥራውንም ይሠራል። አንዳንድ ቀን ያመዋል። ሲያመው ግን አይደነግጥም።

«ኩላሊቴን ነው» የሚል ሰውም በጣም ብዙ ነው። እጁን ቀበቶው ላይ አድርጎ «ኩላሊቴን» ይላል። ኩላሊት ያለው ከዚያ ከፍ ብሎ ከጎድን አጥንት ሥር ነው። የኩላሊት ሕመም ብዙ ጊዜ ብንቆምም ብንቀመጥም አይለወጥም። ትኩሳት ወይም የሽንት ለውጥ አብሮት ሊመጣ ይችላል። ስትዞሩና ስታጎነብሱ የሚብስ፣ ቦታ ስትቀይሩ የሚቀልል ከሆነ በአብዛኛው የጡንቻና የአከርካሪ ነው። ብትጠራጠሩ የሽንት ምርመራ በየጤና ጣቢያው አለ፣ ተመርመሩና ልባችሁን አሳርፉ።

ሁለተኛው ነጥቤ ቤት ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ያላችሁት አብዛኞቻችሁ እናቶች ናችሁ።

ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ነው ያሳደገችን። ምጣዷ መሬት ላይ ሦስት ጉልቻ ላይ ነበር። ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ሊጡ በቀኟ መሬት ላይ፣ ሰፌዱ በግራዋ መሬት ላይ። ወደ ቀኝ ጎንበስ ብላ ትቀዳለች፣ ምጣዱ ላይ ታዞራለች፣ ትከድናለች፣ ወደ ግራ ተጠማዝዛ ታወጣለች። እስቲ አስቡት። 40 እንጀራ ማለት 40 ጊዜ ወደ ቀኝ፣ 40 ጊዜ ወደ ግራ መጠማዘዝ ነው። ስትጨርስ ግድግዳውን ይዛ ትነሳና ቀጥ እስክትል ድረስ እዚያው ትቆማለች። «ወገቤ ተቆረጠ» ትላለች። እኛ ልጆቿ ደግሞ እንጀራ ጋጋሪ ሁሉ እንዲህ የሚሆን ነበር የሚመስለን።

አንድ ክረምት አጎቴ መጥቶ ምድጃውን ከጭቃና ከድንጋይ ከፍ አድርጎ ሠራላት። ቆማ የምትጋግርበት ሆነ። ሊጡንም አሮጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠላት። ሕመሟ በአንድ ቀን ጠፋ አልልም። ግን ከዚያ በኋላ ግድግዳ ይዛ ስትነሳ አላየኋትም። ወጪው ጭቃና ድንጋይ ብቻ ነበር።

ዛሬ አብዛኞቻችን የኤሌክትሪክ ምጣድ አለን። ግን የት ነው የምናስቀምጠው? ብዙ ቤት ስገባ የማየው አጭር ብረት ላይ ወይም ወለሉ ላይ ነው። እናቶቼ፣ እባካችሁ ምጣዱን ከፍ አድርጉት። ቆማችሁ ክርናችሁን ስታጥፉ እጃችሁ ሳታጎነብሱ ምጣዱ ላይ ይድረስ። ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ አካባቢ ማለት ነው። የሊጡን ባልዲም መሬት አታስቀምጡት፣ ከምጣዱ እኩል ይሁን። ሰፌዱም እንዲሁ። ስትዞሩ ወገባችሁን አትጠምዝዙ፣ እግራችሁን አንቀሳቅሱና መላ ሰውነታችሁ ይዙር። ደግሞ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አትጨርሱ። አሥር ስትጋግሩ ምጣዱን ትታችሁ በር ድረስ ደርሳችሁ ተመለሱ።

ልብስ ማጠቡም ያው ነው። ሳፋውን መሬት አስቀምጦ ከወገብ ታጥፎ ግማሽ ቀን ማሸት ወገብ ይገድላል። ሳፋውን አግዳሚ ላይ ወይም ሁለት ብሎኬት ላይ አውጡት። የሳምንቱን ልብስ ሁሉ ቅዳሜ ላይ አትከምሩት።

አሁን ወደ ጀሪካን። ቢጫዋ ጀሪካን 20 ሊትር ትይዛለች። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖር እናት ይኸን በአንድ እጇ አንጠልጥላ ደረጃውን ትወጣለች፤ ሰውነቷ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ። ለምን ሁለት ባለ 10 ሊትር አይሆንም? አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። በየፎቁ አርፋችሁ ውጡ። ስታነሱ ደግሞ ዕቃውን ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉት። ይህቺን ያዙልኝ። ያው 20 ኪሎ ከሆዳችሁ ተጠግቶ ሲያዝና እጅ ተዘርግቶ ሲያዝ ወገብ ላይ የሚያርፈው ጫና እጅግ ይለያያል። በራቀ ቁጥር ወገባችሁ ላይ ይከብዳል። ከመሬት ስታነሱ ጉልበታችሁን አጠፍ፣ ዕቃውን ቀረብ፣ ከዚያ ተነሱ።

ይህን ስላልኩ ግን ማጎንበስን እንዳትፈሩ። ወገብ የተፈጠረው ለመታጠፍም ነው። የወደቀ ማንኪያ፣ የልጅ ጫማ ለማንሳት ጎንበስ ብትሉ ምንም አትሆኑም። መጠንቀቅ ያለባችሁ ለከባድ ዕቃና ለተደጋገመ ሥራ ነው። የወገብ ቀበቶ ስለመግዛትም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በ2016 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ቀበቶ የወገብ ሕመምን እንደማይከላከል አሳይቷል። የተከላከለው የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። በተለይ ከትምህርት ጋር ሲሆን የመታመምን ዕድል በ45 በመቶ ቀንሷል። የቀበቶውን ገንዘብ ለምጣድ ማስቀመጫ አውሉት!

ልጅ በአንቀልባ ስታዝሉ ከፍ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጉት፣ ወደ ታች አይንጠልጠል። የተማሪ ቦርሳም በሁለቱም ትከሻ ይያዝ።

ቢሮ የምትውሉ፣ ሱቅ የምትቀመጡ፣ ታክሲ የምትነዱ ደግሞ አላችሁ። ለናንተ የምነግራችሁ በየግማሽ ሰዓቱ መነሳት ነው። ስልክ ሲደወል ቆማችሁ አነጋግሩ። ሹፌር ተራ ሲጠብቅ ይውረድና መኪናውን ይዙር። ቡና የምታፈሉም እንዲሁ፤ ከአቦል እስከ በረካ ረከቦቱ ላይ ተደፍታችሁ አትቆዩ። በቶናና በበረካ መካከል ተነስታችሁ ሲኒ አንሱ።

እኔም ይኸን እያልኩ አስቀምጫችኋለሁ። እባካችሁ ሁላችሁም ተነሱ። የምትችሉ ሁሉ። (ተሰብሳቢው ቆመ።) ሁለት እጃችሁን ከወገባችሁ በታች ከኋላ አድርጉ። እግራችሁን ትንሽ ከፈት። አሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ዘንበል በሉ። ጣሪያውን ለማየት ያህል። ተመለሱ። አሁንም። የሚያዞራችሁ ወንበሩን ያዙ። ከቀኝ ወደ ግራ ክብደታችሁን ቀያይሩ። ተረከዝ አንሱ፣ አውርዱ። በቃ! ከአንድ ደቂቃ በላይ አልፈጀም። ምጣድ ዳር፣ ቢሮ፣ ለቅሶ ቤት፣ የትም ይሠራል። ተቀመጡ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ለቅሶ ቤት ካልኩ አይቀር። ሐዘንተኛ ፍራሽ ላይ መሬት ተቀምጦ ቀናት ይቆያል። እንቅልፍ የለው፣ ምግብ የለው፣ ልቡ ተሰብሯል። ሐዘን፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት የወገብ ሕመምን ያብሳሉ፤ ይህ በሕክምናም የታወቀ ነው። ስለዚህ እናጽናናው ስንል ሰውነቱንም እናስብለት። ከጀርባው ትራስ እናድርግለት። ማታ ማታ ሰው ሲቀንስ ክንዱን ይዘን ግቢ ውስጥ እናንሸራሽረው።

ሦስተኛው፣ የእግር ጉዞ። ዛሬ ከነገርኳችሁ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይኸን ያዙልኝ። በ2024 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ የማኳሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከወገብ ሕመም ያገገሙ 701 ሰዎችን ወስደው አጠኑ። ግማሾቹን በባለሙያ ምክር የእግር ጉዞ አስጀመሯቸው። ግቡ በስድስት ወር ውስጥ ቀስ እያሉ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ መድረስ ነበር። ሌሎቹ ምንም አልተሰጣቸውም። ከማይራመዱት መካከል ሕመሙ ግማሾቹን በ112 ቀን ውስጥ ተመልሶ ያዛቸው። ተራማጆቹን ለመያዝ 208 ቀን ፈጀበት። በእጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረው! በምን? በእግር ጉዞ። ጂም የለ፣ መርፌ የለ፣ ክፍያ የለ።

የናንተን መልስ አውቀዋለሁ። መንገዱ ተቆፍሯል፣ ጠዋት ውሻ አለ፣ ጊዜ የለም። እውነታችሁን ነው። ግን ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ይቻላል። ኪዳን አድርሰው የሚመለሱ እናቶች ሰብሰብ ብለው በረጅሙ መንገድ ዞረው ቢገቡ ውሻውም አያስፈራም። በአሥር ደቂቃ ጀምሩ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ሲያማችሁም ጨርሳችሁ አታቁሙ፣ ቀንሱ።

«ወገብህ ሲያምህ ተኛ» ይባል የነበረው ቀርቷል። በ1986 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት ሁለት ቀን እንዲተኙ የተነገራቸውና ሰባት ቀን እንዲተኙ የተነገራቸው ሰዎች በሕመማቸው አልተለያዩም። ልዩነቱ ብዙ እንዲተኙ የተነገራቸው ከሥራ ብዙ ቀን መቅረታቸው ነበር። ዛሬ ደግሞ የሕክምና መመሪያዎች የሚሉት በተቻለ መጠን የተለመደ ሥራችሁን ቀጥሉ ነው።

ፍራሽን በተመለከተ፣ ሰው ወገቡን ሲያመው ጣውላ ላይ ወይም ወለል ላይ ይተኛል። በ2003 እ.ኤ.አ. ስፔን ውስጥ 313 የወገብ ታማሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ከጠንካራው በልጦ ተገኝቷል። ስለዚህ ራሳችሁን አትቅጡ። መሃሉ የሰመጠ ስፖንጅ ከሆነ ግን አገላብጡት፣ አቅም ሲኖር ቀይሩት። በጎን ስትተኙ በጉልበቶቻችሁ መካከል ትራስ አድርጉ። ጠዋት ስትነሱ መጀመሪያ በጎን ዙሩ፣ እግራችሁን ከአልጋው አውርዱ፣ በክንዳችሁ ተገፍታችሁ ተነሱ። ሲጋራ የሚያጨስ ወንድም ካለ ደግሞ ሲጋራም ከወገብ ሕመም ጋር የተያያዘ መሆኑን ይወቀው።

አሁን ያልኳችሁን የጥንቃቄ ነገር ልናገር። እባካችሁ በደንብ ስሙኝ።

የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። ነገር ግን ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ሽንት አልወጣ ካላችሁ፣ በጭናችሁ መካከልና መቀመጫችሁ ላይ ከደነዘዛችሁ፣ ወይም እግራችሁ እየዛለ ከሄደ፣ ነገ አትበሉ። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ሂዱ። አዛውንት ከወደቁ በኋላ ኃይለኛ የወገብ ሕመም ከመጣ የአጥንት ስብራት ሊሆን ይችላል። ካንሰር ታክሞ የነበረ ሰውም አዲስ የወገብ ሕመም ሲጀምረው ለሐኪሙ ይንገር።

ሌላው የአጥንት ቲቢ ነው። ቲቢ ሳል ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። አከርካሪም ላይ ይወጣል። ሳምንታት አልፈው የማይቀንስ፣ ሌሊት የሚብስ የወገብ ሕመም ከማታ ላብ፣ ከትኩሳት፣ ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ተመርመሩ። ሀገራችን ውስጥ የቲቢ መድኃኒት በነፃ ነው የሚሰጠው። ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል። ከዘገየ ግን አከርካሪን ያጎብጣል፣ እግርንም ሽባ ሊያደርግ ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበትን ሰው እባካችሁ ወጌሻ ጋ ወስዳችሁ ወገቡን አታስጠምዝዙት። እለምናችኋለሁ።

ስለ መርፌም። ወገቤን አመመኝ ብሎ ፋርማሲ ሄዶ ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ በየጊዜው መወጋት ተለምዷል። መድኃኒቱ ቦታ አለው። ያለ ሐኪም ሲደጋገም ግን ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። በተለይ ደም ግፊት፣ ስኳርና የጨጓራ ሕመም ያለባችሁ ተጠንቀቁ።

በመጨረሻ ለኮሚቴው አንድ ልመና አለኝ። ባለፈው ለቅሶ ላይ ልጆቻችን የድንኳኑን ብረት ከመጋዘን ሲያወጡ አይቻለሁ። ብረቱ መሬት ላይ ተከምሯል። አንዱ ልጅ ለብቻው ጎንበስ ብሎ ትከሻው ላይ ይጭነዋል፣ ሌላው ሦስት አግዳሚ ደራርቦ ይሸከማል። ወጥ ቤት ደግሞ ሁለት እናቶች ሙሉ የወጥ ድስት ይዘው ግቢውን ያቋርጣሉ። የምጠይቀው ይኸ ነው፦ ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ እንግዛ። መጋዘኑ ውስጥ ብረቱ የሚቀመጥበት በወገብ ልክ የሆነ መደርደሪያ እናሠራ። ረጅሙን ብረት ሁለት ሰው ይያዘው። ወጡ ከትልቁ ድስት ወደ ትንንሽ ተቀንሶ ይውጣ። ወጪው ከመዋጮው ላይ ብዙ የሚጎዳ አይመስለኝም። ጋሪውን ለማማረጥ እኔ ራሴ አብሬ እሄዳለሁ።

ኮሚቴው ዛሬ ድምፅ ቢያሰጥበት ደስ ይለኛል። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁኝ፤ በሰው ፊት መናገር የማትፈልጉ ደግሞ ስብሰባው ሲያልቅ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ። አመሰግናለሁ።